የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችና ልጆቻቸው በአሜሪካ ሕግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ አበሾች ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሕጋዊ እውቅና ሲባል ምን ማለት ነው?

መንግሥት ሁለት ሰዎችን ባለትዳር ብሎ መመዝገቡ ነው። ያ መዝገብ ብዙ ነገር ያስከትላል። ታክስ አብሮ ማስገባት፣ በትዳር ጓደኛ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ውስጥ መግባት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ውርስ፣ ግሪን ካርድ፣ ሐኪም ቤት ውስጥ ስለ ታመመው ሰው መወሰን። የኮንግረስ የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት በ2004 ሲቆጥር ከጋብቻ ጋር የተያያዙ 1,138 የፌዴራል ሕግ ድንጋጌዎችን አግኝቷል። የስቴቶቹ ሕግ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

ልጆች ካሉ ደግሞ እውቅናው የእነሱም ነው። የሚያሳድጋቸው ሰው በሕግ ፊት ወላጃቸው ነው ወይስ ባዕድ ነው? ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ ለአንድ ልጅ የለም።

አሁን ሕጉ ምን ይላል?

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከወሰነበት ከጁን 26 ቀን 2015 ጀምሮ በ50ዎቹም ስቴቶች ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች መጋባት ይችላሉ። ፈቃዱ የሚወጣው ማንም ሰው ከሚያወጣበት ቢሮ ነው፤ ቅጹም ክፍያውም ያው ነው።

እኛ አካባቢ ነገሩ የተጀመረው ከዚያ በፊት ነው። ዲሲ ከማርች 2010 ጀምሮ ታጋባ ነበር። በሜሪላንድ ሕዝቡ ራሱ በኖቬምበር 2012 ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ቨርጂኒያ ግን በ2006 በሕገ መንግሥቷ ከልክላ ነበር። ክልከላውን በ2014 ያስቆመው ፍርድ ቤት ነው።

አብረው እንዳይኖሩ ማን ከለከላቸው? ወረቀቱ ምን ይጨምርላቸዋል?

ይህን የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ያለው ሰው ነው። የባሏን እጅ ለመያዝ ማስረጃ አምጪ ተብላ የማታውቅ ሴት ወረቀቱ ምን እንደሚሠራ ለማየት ዕድል አላገኘችም።

በፌብሩዋሪ 2007 ጃኒስ ላንግቤንና ሊሳ ፖንድ ከልጆቻቸው ጋር በመርከብ ሊዝናኑ ከዋሽንግተን ስቴት ማያሚ ድረስ ሄዱ። 18 ዓመት አብረው የኖሩ ናቸው። መርከቡ ገና ሳይነሣ ሊሳ ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ጃኒስ የሕክምና ውክልና ነበራት፤ ሰነዱም በፋክስ ተላከ። ያም ሆኖ እሷ እንደተናገረችው ስምንት ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ከልጆቹ ጋር ውጭ እንድትጠብቅ ተደረገች፤ ሊሳን ያየቻት ለደቂቃዎች ብቻ ነው። ሊሳ ከዚያ ሆስፒታል በሕይወት አልወጣችም። ጃኒስ ከሰሰች፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። በኤፕሪል 2010 ግን ፕሬዚዳንት ኦባማ፣ የመንግሥት የጤና መድን የሆኑትን ሜዲኬርና ሜዲኬድ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ሁሉ ታማሚው የመረጠውን ጠያቂ እንዲያስገቡ የሚያስገድድ ደንብ እንዲወጣ አዘዙ።

እኛ የታመመ መጠየቅና ቀብር መድረስ ምን እንደሆነ ማንም ሊያስተምረን አይችልም። የታመመ ጎረቤቱን ሳይጠይቅ የቀረ ሰው ስንት ዓመት እንደሚወቀስ እናውቃለን። በዚያች መጠበቂያ ክፍል የተቀመጠችው ሴት ደግሞ 18 ዓመት አብራት የኖረችውን ነው የተከለከለችው። ወረቀቱ ያኔ ቢኖርና በሁሉም ስቴት ቢከበር ኖሮ ከበሩ ላይ ክርክር አይኖርም ነበር።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዴት እዚህ ውሳኔ ላይ ደረሰ?

ሁሉም የተጀመረው በሞት ነው ማለት ይቻላል። ኢዲት ዊንዘርና ቲያ ስፓየር ኒው ዮርክ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል፤ በ2007 ቶሮንቶ ሄደው ተጋቡ። ቲያ በ2009 ስታርፍ ንብረቷን ለኢዲት አወረሰች። ኢዲት ባሏ የሞተባት ሴት ብትሆን ኖሮ ለፌዴራል መንግሥት የውርስ ግብር ሰባራ ሳንቲም አትከፍልም ነበር። ለሷ የመጣላት ግን የ363,053 ዶላር ሒሳብ ነው። ምክንያቱም በ1996 የወጣው ሕግ የፌዴራል መንግሥቱ የወንድና የሴት ካልሆነ በቀር ሌላ ጋብቻ እንዳያውቅ አዝዞ ነበር። ተሟገተች። ጁን 26 ቀን 2013 በ5 ለ4 ድምፅ አሸነፈች።

ያን ፍርድ በኦሃዮ ሆነው ሲሰሙ ጂም ኦበርገፈልና ጆን አርተር ለመጋባት ወሰኑ። ጆን ኤኤልኤስ በሚባለው የነርቭ በሽታ ተይዞ አልጋ ላይ ነበር። ኦሃዮ አታጋባም። ዘመድ ወዳጅ ገንዘብ አዋጥቶ የሕክምና መሣሪያ ያለው ትንሽ አውሮፕላን ተከራዩ። ጁላይ 11 ቀን ብዙዎቻችን ዘመድ የምንቀበልበት የባልቲሞር ኤርፖርት አረፈ። ጆን መውረድ ስለማይችል እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ጂም እጁን ይዞት፣ የጆን አክስት አጋቧቸው። ከዚያ ወደ ቤት ተመለሱ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ ጆን ሲሞት የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ «ያገባ» ተብሎ፣ የጂም ስም የትዳር ጓደኛ ሆኖ ይጻፍ። ጆን በዚያው ዓመት በኦክቶበር ሞተ። ኦሃዮ ግን ስለዚያች አንዲት መስመር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረች።

ከጂም ጋር በአንድ መዝገብ የቀረቡ ሌሎችም ነበሩ። ኤፕሪል ደቦርና ጄን ራውስ የሚባሉ ሁለት የሚሺጋን ነርሶች ልዩ እንክብካቤ የሚሹ ሕፃናትን በጉዲፈቻ ያሳድጉ ነበር። ስቴቱ በአንድ ላይ እንዲያሳድጉ ስላልፈቀደ ልጆቹን ተከፋፍለው በየስማቸው አስመዘገቡ። አንዷ ብትሞት፣ ሌላዋ ከጨቅላነቱ ያሳደገችው ልጅ በሕግ የማንም አይሆንም። ስለዚህ ጉዳዩ የሁለት ሰዎች ፍቅር ብቻ ነው የሚለው ትክክል አይደለም። በ2015 ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ሲወስን ዳኛ አንተኒ ኬኔዲ በጻፉት ፍርድ ውስጥ የልጆቹ ነገር ጎልቶ የተነሣው በዚህ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እንዲያጋባ ይገደዳል?

አይገደድም። ቁርባንና ሰማንያ ሁለት ነገር መሆናቸውን ከማንም በላይ የምናውቅ እኛ ነን። ካህኑ የሚያቆርበውን ራሱ ይመርጣል፤ የሕግ ውሉ ሌላ ነው። አሜሪካም እንዲሁ ናት። ጥያቄው ያለው የመንግሥት ቢሮ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለተፋታ ሰው እንኳ አላጋባም ማለት ትችላለች፤ የሚከሳት የለም። በ2022 የወጣው የፌዴራል ሕግም የሃይማኖት ተቋማት ለማንኛውም ሰርግ አገልግሎት እንዲሰጡ እንደማይገደዱ በግልጽ ጽፎታል።

ልጆቹ አይጎዱም?

ይህን ጉዳይ አሥርት ዓመታት አጥንተውታል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2013 የደረሰበት ድምዳሜ፣ ለልጅ ደኅንነት የሚወስነው የወላጆቹ ፆታ ሳይሆን ግንኙነታቸው፣ መረጋጋታቸውና የሚያገኙት ድጋፍ ነው የሚል ነው። አካዳሚው በዚያው ዓመት ጋብቻው እንዲፈቀድ በይፋ ደግፏል፤ የደገፈውም ለልጆቹ ሲል ነው።

ልጅን የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ቤት ሊወስደው የመጣው አባቱ «አንተ ማን ነህ?» ሲባል ማየት። በየዕድሩና በየልደቱ ስለ እናቶቹ ሹክሹክታ መስማት። ያ ደግሞ በእጃችን ያለ ነገር ነው።

ልጁን የወለደችው አንዷ ናት። ሌላዋስ በሕግ እናት ናት?

ተጋብተው ከሆነና ልጁ በትዳር ውስጥ ከተወለደ፣ አዎ፤ ስሟ የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ሊሰፍር ይገባል። አርካንሳስ ይህን ከልክላ ነበር። ሚስት በሌላ ሰው ዘር በሕክምና ብትፀንስ የባልን ስም ትጽፋለች፤ ሁለት ሴቶች ሲመጡ ግን የሁለተኛዋን ስም አልጽፍም አለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2017 ይህ አይሆንም ብሎ ፈረደ።

ሆኖም እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ምክር አለኝ። የልደት ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትቀመጡ። የልደት ወረቀት የአስተዳደር መዝገብ ነው፤ የዳኛ ፍርድ አይደለም። ስለዚህ የወለደችው እናት ሚስት ልጁን በፍርድ ቤት በጉዲፈቻ ብታጸድቅ ይሻላል። የገዛ ልጅን በጉዲፈቻ መውሰድ ያማል፤ የሚያስቆጣቸው እናቶች ብዙ ናቸው፤ እውነታቸውንም ነው። ነገር ግን የአንድ ስቴት ፍርድ ቤት የፈረደውን ሌላው ስቴት ማክበር አለበት። አላባማ ጆርጂያ ውስጥ የጸደቀ እንዲህ ያለ ጉዲፈቻ አላውቅም ብላ በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔዋን ሽሮታል። ያልተጋባችሁ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከስቴት ስቴት በጣም ይለያያል፤ ልጁ ሳይወለድ የቤተሰብ ጠበቃ አናግሩ።

ይህ ባህላችን አይደለም። ለምን ትደግፋላችሁ?

ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች የኛው ሰዎች ናቸው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ከኛ ጋር ቡና የሚጠጡ፣ ለእናታቸው በየወሩ ገንዘብ የሚልኩ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክሉ ናቸው። ዝም ያሉት ስለሌሉ ሳይሆን ስለሚፈሩ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ቨርጂኒያ እስከ 1967 ድረስ ጥቁርና ነጭ ሲጋቡ ታስር ነበር። ያን ሕግ የሻረው ፍርድ፣ በ2015ቱ ውሳኔ ውስጥ ደጋግሞ የተጠቀሰው፣ ዛሬ ነጭ ያገቡ አበሾችን ሁሉ ይጠብቃል። ያን ጊዜም ብዙኃኑ የሰጡት ምክንያት ሃይማኖትና ባህል ነበር። እኛ እዚህ አገር በቁጥር ትንሽ ነን፤ በቆዳም በሃይማኖትም በቋንቋም። የብዙኃኑ ባህል የጎረቤትን መብት ይወስን ከተባለ መጀመሪያ የምንጎዳው እኛ ነን።

መደገፍ ማለት እምነትን መተው ማለት አይደለም። ይህን የሚሉኝ ጿሚዎችና ሰጋጆች አሉ፤ አምናቸዋለሁ።

ውሳኔው ሊቀለበስ ይችላል?

ስጋቱ ከባዶ አልመጣም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2022 የውርጃን መብት ሲሽር ዳኛ ክላረንስ ቶማስ የጋብቻውም ፍርድ እንደገና ይታይ ብለው ለብቻቸው ጻፉ። ኮንግረስ ያን አይቶ ሕግ አወጣ። በሴኔት 61 ለ36 አልፎ ፕሬዚዳንት ባይደን ዲሴምበር 13 ቀን 2022 ፈረሙበት። የ1996ቱን ሕግ ሽሮ፣ የፌዴራል መንግሥቱም ሆነ ሁሉም ስቴቶች በሌላ ስቴት በሕግ የተፈጸመን ጋብቻ እንዲያከብሩ አስገደደ።

ክፍተቱን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ሕጉ ስቴቶች ራሳቸው እንዲያጋቡ አያስገድድም። የ2015ቱ ፍርድ ቢሻር፣ አሮጌው ክልከላ በብዙ ስቴቶች መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈ ስላለ፣ እዚያ ያሉ ጥንዶች ለመጋባት ሌላ ስቴት መሄድ ሊኖርባቸው ነው። ጆን በአውሮፕላን ተጭኖ እንደመጣው ማለት ነው። በኖቬምበር 2024 የካሊፎርኒያ፣ የኮሎራዶና የሃዋይ ሕዝብ ክልከላውን (በሃዋይ ደግሞ ምክር ቤቱ እንዲከለክል ሥልጣን የሚሰጠውን አንቀጽ) ከየሕገ መንግሥታቸው በድምፅ ያወጡት ለዚህ ነው። የጋብቻ ፈቃድ አልሰጥም ብላ የታሰረችው የኬንታኪ የካውንቲ ቢሮ ኃላፊ ኪም ዴቪስ ፍርዱ እንዲሻር ያቀረበችውን አቤቱታም ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2025 ሳያየው መልሶታል። ዛሬ ላይ ጋብቻው ጽኑ ነው። የጠበቃ ወረቀቶቻችሁን ግን አሟሉ፤ ኑዛዜ፣ የሕክምና ውክልና፣ የልጅ ጉዲፈቻ ፍርድ።

እኔ ምን ላድርግ?

ከቅርብ ጀምሩ። የዕድራችሁን መተዳደሪያ ደንብ አውጡና አንብቡት። ቤተሰብ ብሎ የሚዘረዝረው «ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ እናት፣ አባት» ከሆነ፣ «የትዳር ጓደኛ» ተብሎ እንዲስተካከል፣ ልጅ ሲባልም የጉዲፈቻ ልጅ እንዲካተት በጠቅላላ ጉባኤ ሐሳብ አቅርቡ። ትንሽ ለውጥ ነው። 20 ዓመት መዋጮ ከፍሎ ለሐዘኑ ማንም እንዳይመጣለት ለሚሰጋ ሰው ግን ትልቅ ነው።

ከዚያ ወደ ስቴታችሁ ምክር ቤት። የቀረው ትልቁ ሥራ የወላጅነት ሕግ ነው። ማሳቹሴትስ በ2004 ከሁሉም ቀድማ አጋብታ እንኳ የወላጅነት ሕጓን ያደሰችው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2024 ነው። ሚሺጋንም በዚያው ዓመት አደሰች። ለተወካያችሁ ደውሉ፣ ጻፉ፣ ችሎት ሲኖር ተመዝግባችሁ ተናገሩ። ለመናገር ዜጋ መሆን አያስፈልግም፤ በስቴትና በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ለመስጠት ግን ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ የሚቸገር ዘመድ ካላችሁ፣ የዲሲ መሥሪያ ቤቶች በ2004ቱ የቋንቋ ሕግ መሠረት አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ አማርኛም አለ።

አንድ ነገር ብቻ አታድርጉ። የማንንም ሰው ምስጢር ያለፈቃዱ ለምሳሌ ብላችሁ እንኳ አትናገሩ። እዚህ የተነገረ ወሬ በአንድ ቀን አዲስ አበባ እናቱ ቤት ይደርሳል።

እጮኛዬ ውጭ አገር ነው። ማምጣት እችላለሁ?

ከ2013 ጀምሮ ይቻላል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የሚያየው ጋብቻው የተፈጸመበት ቦታ ሕጋዊ መሆኑን ነው፤ ዛሬ የምትኖሩበትን አይደለም። ስለዚህ አንዳንዶች ጋብቻው በሚፈቀድበት ሌላ አገር ተገናኝተው ይጋባሉ። በአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ከ2006 ጀምሮ ትፈቅዳለች። ዜጋ የሆነ ሰው ደግሞ በእጮኛ ቪዛ ማመልከት ይችላል።

የሚከብደው ማስረጃው ነው። ሌላው ጥንድ የሽማግሌ ፎቶ፣ የሰርግ ቪዲዮ፣ የቤተሰብ ምስክር ያቀርባል። ግንኙነታቸውን ዕድሜያቸውን ሙሉ የደበቁ ሰዎች ምን ያቅርቡ? የጉዞ ቲኬት፣ የሆቴል ደረሰኝ፣ የገንዘብ መላኪያ ወረቀት፣ የስልክ ታሪክ፣ ሁለቱንም የሚያውቁ ጥቂት ታማኝ ጓደኞች ደብዳቤ። ቤተሰብ ለምን እንደማያውቅ በግልጽ ጻፉ፤ መደበቁ ራሱ የሚብራራ ነገር ነው። የቪዛ ደንብ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ያለ ኢሚግሬሽን ጠበቃ አትጀምሩት። በማንነቱ ምክንያት ጥገኝነት ለመጠየቅ ያሰበ ሰው ደግሞ አሜሪካ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት እንዳለበት ይወቅ።

በእስራኤል ወይም በአውሮፓ ላለነውስ?

እስራኤል ውስጥ ጋብቻ በሃይማኖት ተቋማት እጅ ስለሆነ እዚያው መጋባት አይቻልም። ውጭ ተጋብቶ የመጣን ጥንድ ግን በ2006 በወጣ የፍርድ ቤት ውሳኔ መንግሥት ይመዘግባል። በአውሮፓ ኔዘርላንድ በ2001 የመጀመሪያዋ ናት፤ ስዊድንና ኖርዌይ በ2009፣ ጀርመን በ2017 ፈቅደዋል። ጣሊያን ከ2016 ጀምሮ ከጋብቻ አነስ ያለ የጥንድነት ምዝገባ አላት።

ይህ ጋብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ይታወቃል?

አይታወቅም። የቤተሰብ ሕጉ የሚያውቀው የወንድና የሴትን ጋብቻ ነው። ከዚያም በላይ በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ወንጀል አድርጎ በእሥራት ይቀጣል። የአሜሪካ ፓስፖርት መያዝ ከዚህ አያድንም፤ አገሩ ላይ እስካላችሁ ድረስ የአገሩ ሕግ ይመለከታችኋል። ይህ ሕግ እንዲቀየር እመኛለሁ። እስኪቀየር ግን ማንንም ደፋር ሁን ብዬ አልመክርም።

ስለዚህ ለእረፍት ወይም ለለቅሶ የምትሄዱ ከሆነ ስልካችሁ ላይ ያለውን ፎቶና የማኅበራዊ ገጻችሁን ቀድማችሁ ተመልከቱ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ፣ ወላጅነቱ እዚያ ያለ ጥያቄ ሊታመን የሚችለው ማን እንደሆነ ተነጋገሩ፤ የጉዲፈቻውን ፍርድና የጉዞ ስምምነት ደብዳቤ ቅጂ እዚህ ለምታምኑት ሰው ትታችሁ ሂዱ። እዚያ ቤት ወይም ገንዘብ ካላችሁ፣ የትዳር ጓደኛችሁ በትዳር ስም አይወርስም፤ በኑዛዜ እንዴት ልታወርሱት እንደምትችሉ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ ጠበቃ ጠይቁ። ለጠበቃው ግንኙነታችሁን ማስረዳት አይጠበቅባችሁም፤ የወራሹን ሙሉ ስምና የፓስፖርት ቁጥር መስጠት ይበቃል።